ብልሽት መፈለግ ያላስተማረን የጥገና ኮርስ

ለ፦ የስልጠና ማዕከሉ አስተዳደር

ጉዳዩ፦ በኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ጥገና ኮርስ ያልተሰጠንን የተግባር ስልጠና ስለመጠየቅ

በማዕከላችሁ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ኮርስ ከወሰዱት ሰልጣኞች አንዱ ነኝ። ኮርሱ አልቋል፤ የምስክር ወረቀቴም ተዘጋጅቷል ተብያለሁ። ወረቀቱ ብልሽት ፈልጌ ማግኘትና መጠገን እንደምችል ይመሰክራል። እኔ ግን ብልሽት መፈለግን ከእናንተ አልተማርኩም። ቅሬታዬ ይኸው ነው።

ስንመዘገብ የሰጣችሁን የኮርስ መግለጫ አሁንም ይዤዋለሁ። አብዛኛው ጊዜ በተግባር እንደሚያልፍ፣ እያንዳንዱ ሰልጣኝ የራሱ የሥራ ጠረጴዛና መሣሪያ እንደሚኖረው፣ ማጠቃለያው ላይ በእውነት የተበላሹ ዕቃዎችን እንደምንጠግን ይላል። በተግባር ያየነው ግን ስላይድ ነው። የኦም ሕግን (የቮልቴጅ፣ የፍሰትና የተቃውሞን ዝምድና) ደጋግመን ተማርን። የሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድበው ክፍል) የቀለም ኮድ በቃላችን ያዝን። ይህ አያስፈልግም አልልም፤ ያለ እሱ መጀመር አይቻልም። ነገር ግን ዛሬ የአብዛኛው ቦርድ ሬዚስተር ቀለም የለውም፤ ቦርዱ ላይ የተለጠፈ ጥቃቅን ነገር ነው። 0402 የሚባለው መጠን 1 ሚሊ ሜትር በግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። እሱን በትዊዘር ይዞ አንስቶ መመለስ በእጅ እንጂ በስላይድ አይለመድም።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ያስተማራችሁን ዘዴ በአጭሩ «አልሠራም ካለ ቦርዱን ቀይረው» የሚል ነው። አንዳንዴ ይሠራል። ግን የብልሽቱን ምክንያት አያሳይም። ፊውዝን (ፍሰት ሲበዛ ተቃጥሎ መስመሩን የሚቆርጠውን) እንውሰድ፤ ያለ ምክንያት የሚቃጠለው ከስንት አንዴ ነው። ዳዮዶቹ (ፍሰትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት) ወይም ዋናው ሞስፌት (ፍሰቱን የሚከፍትና የሚዘጋው) ሾርት አድርገው፣ ማለትም ፍሰቱን ያለ ገደብ የሚያሳልፉ ሆነው ከሆነ አዲሱ ፊውዝ ሶኬቱ በተሰካበት ቅጽበት ይሄዳል። መጀመሪያ ሾርቱን ፈልግ፣ ከዚያ ከኤሌክትሪኩ ጋር አምፖል በተከታታይ አያይዘህ ሞክር የሚል አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። አምፖሉ ፍሰቱን ይገድባል። ይህ ዘዴ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ አምፖልና ሽቦ ብቻ ነው።

በ230 ቮልት የሚሠራ ፓወር ሰፕላይ (የሶኬቱን ኤሌክትሪክ ለዕቃው የሚመጥነው ክፍል) ላይ ዋናው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል) ጋ ወደ 325 ቮልት ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ) መገኘት አለበት። ካለ፣ ችግሩ ከዚያ ወዲያ ነው። ከሌለ፣ ወደ ኋላ ተመልሰን ፊውዙንና ዳዮዶቹን እናያለን። ቀጥሎ ፓወር ሰፕላዩን የሚያንቀሳቅሰው አይሲ (ቺፕ) ቮልቴጅ ደርሶት እንደሆነ፣ ከዚያ መውጫው ላይ 5 ወይም 12 ቮልቱ መኖሩ ይለካል። ቮልቴጁ እስከ የት ደረሰ፣ የት ጠፋ ብሎ መከተል ማለት ነው። ሙያው ይኸው ነው። ይህን ከእናንተ ክፍል ሳይሆን ከኮርሱ በኋላ በራሴ አንብቤ ነው ያወቅኩት።

የካፓሲተር ነገርም አለ። ያላበጠ ካፓሲተር ደህና ነው ተብለን ወጣን። አይደለም። መልኩ ደህና ሆኖ፣ የሚይዘው መጠንም ልክ ሆኖ፣ የውስጥ ተቃውሞው ግን ከፍ ሊል ይችላል። ያኔ ዕቃው ዘግይቶ ይነሳል፣ ወይም እየጠፋ ይነሳል። ይህን የሚለካው ኢኤስአር ሜትር ክፍላችን ውስጥ አልነበረም። ኦሲሎስኮፕ (የቮልቴጅን መለዋወጥ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ግን ነበር። የተቆለፈ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር፤ ማዕከሉን ሊጎበኝ ለመጣ እንግዳ ሲታይ አይተነዋል።

ከሁሉም የሚያስቆጣኝ የደህንነቱ ነገር ነው። ዕቃው ከሶኬት ተነቅሎም ካፓሲተሩ ያጠራቀመውን ኤሌክትሪክ ይዞ እንደሚቆይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ታለፈ። ማውረጃው ደግሞ በጠመንጃ መፍቻ ሾርት ማድረግ ሆኖ ታየ። ብልጭ አለ፣ ተሳቀ፣ ቀጠልን። በሬዚስተር ቀስ ብሎ ማውረድና ባዶ መሆኑን በሜትር ማረጋገጥ ሲገባ ማለት ነው። ማይክሮዌቭ በኮርሱ መግለጫ ውስጥ ተዘርዝሯል፤ የማይክሮዌቭ ካፓሲተር ከ2000 ቮልት በላይ ይዞ ሰው ሊገድል ይችላል። ያንን ለማስተማር ጊዜ ካልነበራችሁ ከዝርዝሩ ማውጣት ነበረባችሁ። የኦሲሎስኮፕ የመሬት ክሊፕ በሶኬቱ በኩል ከመሬት መስመር ጋር የተያያዘ መሆኑንም ማንም አልነገረንም። ያለ አይሶሌሽን ትራንስፎርመር (ዕቃውን ከኤሌክትሪክ መስመሩ የሚለይ ትራንስፎርመር) ፓወር ሰፕላዩ ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር በቀጥታ በተያያዘበት ክፍል ላይ ክሊፑን የሰካ ሰው ሾርት ይፈጥራል። እንዲህ ስታስቡት፣ መሣሪያው ተቆልፎ መቆየቱ ሳይጠቅመን አልቀረም።

ስታቲክም (በሰውነት ላይ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ) እንደዚሁ ነው። ሰው ስታቲኩ እጁ ላይ እንዲሰማው ወደ 3000 ቮልት መድረስ አለበት፤ ከ100 ቮልት በታች የሚበላሹ ቺፖች ግን አሉ። ስለዚህ 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር ያለው የእጅ ማሰሪያ የግድ ነው። ክፍላችን ውስጥ አንድም አልነበረም።

ሶልደር ማድረጊያዎቹ ሙቀታቸው የማይስተካከል አሮጌ ነበሩ፣ ያውም በጋራ የምንጠቀምባቸው። እርሳስ ያለበት 63/37 ሶልደር (63 በመቶ ቆርቆሮ፣ 37 በመቶ እርሳስ የሆነ ማያያዣ) በ183 ዲግሪ ይቀልጣል፤ እርሳስ የሌለው ደግሞ ከ217 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ። በማይስተካከል ብረት ሁለቱንም ስንሞክር የቦርዱ መዳብ ተላጠ። «እጃችሁ አልጠነከረም» ተባልን። መሣሪያው ነው ያልጠነከረው።

አሰልጣኙን አልወቅስም። ብቻውን ብዙ ሰልጣኝ ይዞ፣ አንዳንዴ የተበላሸ ዕቃ ከቤቱ እያመጣ ነው ያስተማረን። የጎደለው የእናንተ አቅርቦት ነው።

በቃል ስጠይቅ ከቢሮው ያገኘሁት መልስ «ሥራ ላይ ትለምዱታላችሁ» የሚል ነበር። በማን ዕቃ ላይ? ደንበኛ ስልኩን አምኖ ሰጥቶኝ፣ መማሪያ ላደርገው? ሥራ ላይ የሚለመድ ከሆነ ለምን አስከፈላችሁን?

የምጠይቀው ይህ ነው። የኮርሱ የተግባር ክፍል በመግለጫችሁ በተጻፈው መሠረት፣ ለአንድ ሰልጣኝ አንድ መሣሪያ ተመድቦ በነፃ ይደገምልን። ካልቻላችሁ ያልተሰጠውን የተግባር ክፍል ክፍያ መልሱልን። ሲደገምም ደህንነቱ ከሁሉ በፊት ይሁን። የምስክር ወረቀቱ ደግሞ በምርጫ ጥያቄ ሳይሆን ሆን ተብሎ ብልሽት የተሠራበት ቦርድ፣ መልቲሜትርና የሰርኪት ዲያግራም ተሰጥቶን ብልሽቱን ስናገኝ ይሰጠን። እስከዚያ የተዘጋጀልኝን ወረቀት አልወስድም።

የኮርሱን መግለጫና የክፍያ ደረሰኜን ቅጂ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። መልሳችሁን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ እጠብቃለሁ። ካልደረሰኝ ጉዳዩን የስልጠና ፈቃድ ለሚሰጠው አካል አቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ኮርስ ሰልጣኝ