በታይላንድ ለሚኖሩ ጡረተኛ አባሎቻችን፦ ስለ ቪዛ ማራዘሚያና ስለ 90 ቀን ሪፖርት

ውድ አባላት፣

የአንድ ዓመት የመቆያ ፈቃድ ማራዘሚያና የ90 ቀን የአድራሻ ሪፖርት (በየ90 ቀኑ የመኖሪያ አድራሻን ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ) ሁለት የተለያዩ ግዴታዎች መሆናቸውን ደግመን እናስታውሳለን፤ አንዱን መፈጸም ሌላውን አያስቀርም። ዕድሜያቸው 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ አመልካቾች በጡረታ ምክንያት ማራዘሚያ ሲጠይቁ በታይላንድ ባንክ 800,000 ባት ማስቀመጣቸውን ወይም 65,000 ባት ወርኃዊ ገቢ እንዳላቸው ያሳያሉ። የባንኩን መንገድ የመረጠ አባል ገንዘቡ ከማመልከቻው በፊት 2 ወር፣ ከተፈቀደለትም በኋላ 3 ወር ሳይነካ መቆየት እንዳለበት፣ ከዚያም ወዲያ ከ400,000 ባት በታች መውረድ እንደሌለበት ልብ ይበል። በእኛ እይታ በቀላሉ የሚዘነጋው ይህ የኋለኛው ክፍል ነው፤ ማኅተሙ አንዴ ፓስፖርቱ ላይ ካረፈ የባንክ ደብተሩን መለስ ብሎ የሚያይ ጥቂት ነውና።

ሪፖርቱን በአካል የሚያቀርብ ሰው ቲኤም 47 የተባለውን ቅጽ ሞልቶ፣ ቀኑ ከመድረሱ 15 ቀን አስቀድሞ ጀምሮ ካለፈ እስከ 7 ቀን ድረስ ማስገባት ይችላል። ክፍያ የለውም፤ ከዚያ የዘገየ ግን 2,000 ባት ይቀጣል። ከአገር ወጥቶ ለተመለሰ ሰው ቆጠራው ከገባበት ቀን እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ሆኖም የመመለሻ ፈቃድ ሳያወጣ ከወጣ የዓመቱ ማራዘሚያ ራሱ ይሰረዛልና፣ ጉዞው የሁለት ቀን እንኳ ቢሆን ፈቃዱን አስቀድማችሁ እንድታወጡ በአክብሮት እናሳስባለን።