ከከባድ ቃል በፊት የሚያስፈልገንን ቃል ስጡን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። ማታ ማታ ሄርማታ አካባቢ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ልጆችን እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። በየሳምንቱ ስለምታወጡት የ«ከባድ የእንግሊዝኛ ቃላት» ዝርዝር አንድ ነገር ልበላችሁ ብዬ ነው። ልጆቹ ይወዱታል፤ እየቆረጡ ደብተራቸው ላይ ይለጥፉታል። ለልፋታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዝርዝሩ እየጠቀማቸው አይደለም።

ባለፈው አንዷ ተማሪዬ «ዩቢኩተስ» ማለት በሁሉም ቦታ የሚገኝ ማለት እንደሆነ ሳትደናቀፍ ነገረችኝ። ጎበዝ አልኳት። ከዚያ የባዮሎጂ መጽሐፏን ገለጥን። «ዴራይቭ» (ከሌላ ነገር መገኘት) ላይ ቆመች። «ኮንስቲትዩት» (አንድን ነገር መመሥረት) ላይ ቆመች። «ኢምፕላይ» (በተዘዋዋሪ ማመልከት) የሚለውንም ዘላው አለፈች። ባዮሎጂው አልከበዳትም፣ በአማርኛ ሳስረዳት ወዲያው ገባት። ያልገባት በሳይንሱ ቃላት መካከል ሐሳቡን የሚያያይዙት ቃላት ናቸው።

እዚህ ልጁ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ይማርና 9ኛ ሲገባ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። የባዮሎጂ መምህሩ «ፎቶሲንተሲስ»ን ያስረዳል፣ ትምህርቱ ነውና። የእንግሊዝኛ መምህሩ ሰዋስው ላይ ነው። «ዴራይቭ»ን ግን ማንም የኔ ነው አይልም፤ በየመጽሐፉ፣ በየፈተናው እየመጣ ልጁን ይጥለዋል።

እነዚህን ቃላት የለየ ሰው አለ። ኒውዚላንድ ውስጥ አቬሪል ኮክስሄድ የምትባል ተመራማሪ በ2000 (በፈረንጆቹ) 3.5 ሚሊዮን ገደማ ቃላት ካሉበት የዩኒቨርሲቲ ጽሑፍ ላይ፣ በየትምህርት ዘርፉ የሚደጋገሙትን 570 የቃል ቤተሰቦች (አንድ ቃልና ከእሱ የሚወለዱት) መርጣ አወጣች። ከአካዳሚክ ጽሑፍ 10 በመቶውን ያህል የሚሸፍኑት እነሱ ናቸው። እስቲ አስቡት፣ 570 ብቻ! በሳምንት አምስት አምስት ብትሉ በሁለት ዓመት ከምናምን ያልቃሉ።

ሌላው ደግሞ አንድ ቃል፣ አንድ ትርጉም ብላችሁ መጻፋችሁ ነው። «አድሬስ» አድራሻ ነው ብሎ የያዘ ልጅ «አድሬስ ዘ ፕሮብሌም» (ለችግሩ መፍትሔ መፈለግ) ሲባል የችግሩን አድራሻ ይፈልጋል። «ሳውንድ» ድምፅ ነው ያለው ደግሞ «ሳውንድ አርጊውመንት» ሲመጣበት ጩኸት ይመስለዋል፤ አሳማኝ፣ ጠንካራ ክርክር ማለት መሆኑን ማን ነግሮት?

ቃል ደግሞ ብቻውን አይሄድም፣ የለመደው ጓደኛ አለው። እኛ ቡናው ወፍሯል ወይም ቀጥኗል እንላለን፣ እንግሊዝኛው ግን ለወፍራሙ ቡና «ስትሮንግ» ነው የሚለው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ የክረምቱን ኃይለኛ ዝናብም «ስትሮንግ ሬይን» ብለው ይጽፋሉ፤ እሱ ደግሞ «ሄቪ» ነው። ይህ በዝርዝር አይገኝም። ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማየት አለባቸው፣ ደግመው ደጋግመው።

ስለ መድገም ካነሳሁ፣ ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤቢንግሃውስ በ1885 (በፈረንጆቹ) ራሱን እየፈተነ ያሳየው ነገር ለእኔ ክፍል በጣም ጠቅሞኛል። የተማርነው ነገር ብዙው የሚጠፋው ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው። ስለዚህ አንድ ቃል ዛሬ እናየዋለን፣ ከነገ ወዲያ እንመለስበታለን፣ በሳምንቱ ደግሞ መጽሐፉን ዘግተን እናስታውሰዋለን። ልጆቹ አቦል፣ ቶናና በረካ ብለውታል። በረካው ላይ የደረሰ ቃል እምብዛም አይጠፋባቸውም።

ሥርም አስተምሩልን። የእኛ ልጅ ጸሐፊ፣ ጽሑፍ፣ መጽሐፍ ከአንድ ሥር እንደሚወጡ ሳይነገረው ያውቃል። በእንግሊዝኛም ከላቲን የመጣው «ስፔክት» ማየት መሆኑን ሲይዝ «ኢንስፔክት»፣ «ስፔክቴተር»፣ «ሪትሮስፔክት» ዘመዳሞች ሆነው ይታዩታል። አንዱ ልጅ ይህን ያየ ቀን ከኬሚስትሪ መጽሐፉ በራሱ ሌሎች ሥሮችን ሲለቅም ነው ያመሸው፣ እኔ እንኳ አላዘዝኩትም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። በየሳምንቱ የምታወጡትን ሃያ ቃል አምስት አድርጉት። ከመማሪያ መጻሕፍት የሚደጋገሙትን ምረጡ። ለእያንዳንዱ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፣ አብሮት የሚሄደውን ቃል ጻፉ። ከሁለት ሳምንት በፊት የወጣውን ደግሞ በጥያቄ መልክ መልሱት። «ዩቢኩተስ»ን ተዉት አላልኩም፣ ተራው ሲደርስ ይመጣል። ምሳሌዎቹን የሚያዘጋጅ ሰው ካጣችሁ እኔ በነጻ እሠራለሁ፤ የመጀመሪያዎቹን አምስት ቃላት ከልጆቹ ጋር ሞክረን በሚቀጥለው ሳምንት እልክላችኋለሁ።

የእንግሊዝኛ አስጠኚ
ከጅማ