በሶብላ ነው እትዬ

ለዝግጅት ክፍሉ

እንዴት ዋላችሁ። ባለፈው ሰሞን ቤት ውስጥ ተክል ስለማብቀል ያወጣችሁትን አነበብኩት፣ ደስ ይላል፣ ግን ጥሩ አፈርና በቂ ብርሃን ያስፈልጋል ብላችሁ እልፍ አላችሁ። እኛን የሚቸግረን እኮ ጥሩው አፈር የቱ ነው፣ በቂውስ ስንት ነው የሚለው ነው፣ እኔ እሱን ለማወቅ አንድ ክረምት ሙሉ ፈጅቻለሁ።

ልብስ ሰፊ ነኝ፣ እዚህ ጎንደር ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው፣ መስኮቴ ፊት ሌላ ብሎክ ስለተገተረ ፀሐይ የማገኘው ጠዋት ትንሽ ነው። ባለቤቴ በሶብላ ከገበያ መግዛት ሰለቸኝ ስትል እኔ አበቅልልሻለሁ ብዬ ፎከርኩ። ከሰኔ ጀምሮ ደግሞ ሰማዩን ታውቁታላችሁ፣ እንደዳመነ ነው የሚከርመው፣ በሶብላዬ ብቅ ባለ በሳምንቱ እንደ ክር ተመዞ ወደ መስኮቱ ተኛ።

ከዛ ዩቲዩብ ገባሁ። የቤት ውስጥ መብራት ብላችሁ ስትፈልጉ የሚመጣላችሁ ግማሹ ካናቢስ ስለሚባለው ዕፅ ነው። ካናዳ በፈረንጆቹ 2018 ፈቅዳ በአብዛኛው ግዛቷ አንድ ቤት እስከ 4 እግር መትከል ስለሚችል ሰዎቹ ድንኳኑን፣ ማራገቢያውን፣ ምናምኑን ደርድረው በግልጽ ያስተምራሉ። እኛ አገር ግን የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ይቀጣል፣ ስለዚህ ያ ነገር እዛው በጠበላችን። አፈርና መብራቱ ግን ለሌላ ቅጠልም ይሆናል ብዬ ወይን ጠጅ ቀለም የሚያበራውን አምፖል ገዝቼ ሰቀልኩ። ማታ መስኮቴ ሲያበራ ያዩ የታችኛው ፎቅ እትዬ ደረጃ ላይ ጠብቀው «አንተ ልጅ፣ ምንድነው የምታበቅለው? እዚህ ግቢ ልጆች አሉ እኮ» አሉኝ። በሶብላ ነው እትዬ ብል ማን ሰምቶኝ፣ ቤት አስገብቼ ቅጠሉን አሽቼ አስሸተትኳቸው።

ለነገሩ ያ አምፖል አያስፈልግም ነበር። ተክል ቀይና ሰማያዊውን ብርሃን አብዝቶ ስለሚወስድ ነው እንደዛ የሚሠሩት፣ ነጭ ኤልኢዲ ውስጥም ሁለቱም አሉ። ካርቶኑ ላይ 6500ኬ (የብርሃኑ ቀለም ቁጥር ነው፣ ነጭ ማለት ነው) የሚል ባለ 12 ዋት ሁለት አምፖል ገዛሁ፣ በቀን 14 ሰዓት ቢበራ በወር 10 ኪሎዋት ሰዓት ቢሆን ነው። ዋናው ርቀቱ ነው። ጣሪያ ላይ ያለ አምፖል ለችግኝ የሌለ ያህል ነው፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። እኔ በልብስ መለኪያ ሜትሬ ከቅጠሉ 20 ሳንቲ ላይ አንጠለጠልኩት፣ ሲያድግ በሲባጎ ከፍ አደርገዋለሁ። ማታ ይጠፋል፣ እሱም ይተኛ። የከተማው መብራት ለአንድ ቀን ቢጠፋም አይሞትም፣ አትደንግጡ።

አፈሩ ነው ያቃጠለኝ። መጀመሪያ ዋልካ አመጣሁ፣ ጥቁር ስለሆነ ለም መሰለኝ፣ ለምም ነው ግን ማሳ ላይ። ጀሪካን ውስጥ ሲገባ ሲረጥብ ጭቃ ሲደርቅ ሸክላ ነው፣ ከጎን ተሰነጣጥቆ ውሃው በስንጥቁ ቁልቁል ይሄዳል ሥሩ ግን ደርቆ ይቀራል። አሁን ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ ብስባሽ ነው የምቀላቅለው። ብስባሹን ከጋሪ ፈረሶች ፋንድያ ነው ያዘጋጀሁት፣ ወራት ቆይቶ ሽታው ጠፍቶ አፈር አፈር ሲል ነው የሚገባው፣ ትኩሱን ያደረግሁ ጊዜ ችግኙን ፈጀብኝ። ቅልቅሉን እርጥብ እርጥቡን ጨብጣችሁ ልቀቁት፣ ድቡልቡሉ በጣት ሲነካ ከተበተነ ደህና ነው፣ እንደ ሊጥ ከያዘ አሸዋ ጨምሩ።

ዕቃው እንኳ ቀላል ነው፣ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን አንገቱን ቆርጦ ቂጡን በጋለ ሚስማር አምስት ስድስት ቦታ መብሳት። ያልበሳሁት ጊዜ ችግኞቹ ከግንዳቸው ሥር ጠቁረው በአንድ ሌሊት ተዘረሩ፣ ውሃ የቆረ አፈር ላይ ሻጋታው ነው እንደዛ የሚጥላቸው። ስለዚህ ጣታችሁን አስገቡና ከላይ ሲደርቅ ብቻ አጠጡ፣ ጤና አዳም ከሆነማ ከዛም ቀንሱ። የቃሪያ ዘር ደግሞ ሙቀት ይወዳል፣ የጎንደር ሌሊት ቀዝቃዛ ስለሆነ እስኪበቅል ምድጃው አጠገብ አቆየሁት።

አሁን በሶብላው ሞልቷል፣ እትዬም እየመጡ ይቆርጣሉ። የጥብስ ቅጠሉ ግን እምቢ ብሎኛል፣ ሦስት ጊዜ ቅርንጫፍ ቆርጬ ተከልኩ ሦስቱም ደረቁ። የሠራለት አንባቢ ካለ በዚሁ ገጽ ይጻፍልኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር