አብራችሁኝ ለጠበቃችሁ ሁሉ

ውጤቱ መጥቷል። ካንሰር አይደለም።

ይህን ከላይ ያስቀመጥኩት ብዙዎቻችሁ ደብዳቤውን ከታች እንደምትጀምሩት ስለማውቅ ነው። አሁን ተረጋግታችሁ አንብቡ። ለእያንዳንዳችሁ ደውዬ ልነግራችሁ አስቤ ነበር፤ ግን ገና ስጀምር እንባዬ እየቀደመኝ አስቸገረኝ። በጽሑፍ ይሻላል።

ነገሩን በወሬ ወሬ የሰማችሁም አላችሁ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል የተባለው እውነት ነው። እግሯ ሊቆረጥ ነው የተባለው ግን ከየት እንደመጣ እኔም አላውቅም። የሆነው ይህ ነው። ግራ ውስጥ እግሬ ላይ፣ ወደ ተረከዙ ጠጋ ብላ አንዲት ጥቁር ነጥብ ነበረችኝ። ማርያም የሳመችሽ ናት እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ሰው ደግሞ ውስጥ እግሩን በየቀኑ አያይም። ያየችው ታናሽ እህቴ ናት።

"እትዬ፣ ይቺ ነገር እንዲህ ትልቅ ነበረች እንዴ?" አለችኝ።

እግሬን አጥፌ አየሁት። ነጥቧ በአንድ ወገን ወደ ውጭ ተዘርግታለች። መሃሏ ቡናማ፣ ዳርዋ ጥቁር ሆኗል። ምን ይመስልሻል ስላት፣ "እኔ ምን አውቄ? የሚያውቅ ሰው ይያት" አለችኝ።

እህቴ፣ የመጀመሪያው ምስጋና ያንቺ ነው። ስላየሽልኝ ብቻ አይደለም። ሳታስደነግጪኝ፣ ሳታባብዪኝም፣ "አላውቅም" ስላልሽኝ ነው። ከዚያ በኋላ የሰማሁት በአብዛኛው "ምንም አይደለም" የሚል ነበር። ያላችሁኝ አትቀየሙኝ፤ ከፍቅር እንደሆነ ይገባኛል። ግን የፈራ ሰው "ምንም አይደለም" ሲባል ጨዋታው እዚያው ያልቃል። ከዚያ በኋላ ምን ይናገራል? ፍርሃቱን ይዞ ዝም ይላል። "አዎ ያስፈራል፣ ቀጠሮሽ መቼ ነው?" ያላችሁኝ ግን ፍርሃቴን አውጥቼ እንዳወራው በር ከፈታችሁልኝ። ይህን ደብዳቤ በተለይ የምጽፈው ለእናንተ ነው።

ነርሷ ጓደኛዬ፣ አንቺን ከሁሉም በፊት ማመስገን ነበረብኝ፤ እህቴ ቀደመችሽ። ስደውልልሽ ምን ማየት እንዳለብኝ አንድ በአንድ ነገርሽኝ። ግማሹ ከሌላው ግማሽ ጋር ይመሳሰላል? ዳሩ ለስላሳ ነው ወይስ የተበጣጠሰ? ቀለሙ አንድ ነው ወይስ ተቀላቅሏል? ስፋቱ ከ6 ሚሊሜትር፣ ማለትም ከእርሳስ ጫፍ ላጲስ ይበልጣል? የመጀመሪያዎቹን አራቱን የኒውዮርክ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1985 እንዳወጧቸው፣ አምስተኛው ደግሞ በ2004 እንደተጨመረ የነገርሽኝም አንቺ ነሽ። አምስተኛው ለውጥ ነው። ሰፋ፣ ከፍ አለ፣ ቀለም ቀየረ፣ አሳከከ፣ ደማ። "አራቱን ብትረሺ እንኳ ይቺን አትርሺ" አልሽኝ።

ሌላም ነገር ነገርሽኝ፤ እሱን ለሁሉም ሰው ማስተላለፍ እፈልጋለሁ። ጥቁር ቆዳ ባለን ሰዎች ላይ ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ብዙ ጊዜ አይታይም። ሲመጣ ግን ብዙውን ጊዜ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ነው የሚመጣው፦ ውስጥ እግር ላይ፣ መዳፍ ላይ፣ ጥፍር ስር። ሰው እዚያ ስለማይፈልገው ዘግይቶ ይገኛል። ጥፍር ላይ ርዝመቱን ተከትሎ የሚወርድ ጥቁር መስመር እኛ ጋ የተለመደ ነው፤ በተለይ ብዙ ጣት ላይ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። አንድ ጣት ላይ ብቻ አዲስ ከወጣና እየሰፋ ከሄደ ግን መታየት አለበት።

ደረጃ ላይ አስቁመህ ስለ ቦብ ማርሊ የነገርከኝ የሥራ ባልደረባዬ፣ በዚያች ሰዓት እንዴት እንደተናደድኩብህ ዛሬ ልንገርህ። ለፈራ ሰው የሞተ ሰው ታሪክ ይነገረዋል? ግን ታሪኩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ጥፍር ስር የነበረውን ነገር እግር ኳስ ሲጫወት የተጎዳው መስሎት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ሜላኖማ መሆኑ ታወቀ። በ1981 በ36 ዓመቱ ሞተ። ዘፈኑን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ የጣቱን ነገር ግን ስንቶቻችን ሰምተናል? ቀጠሮውን ልተወው ያሰብኩባት ቀን ነበረች። ያልተውኩት ባንተ ምክንያት ነው። ንዴቴም ምስጋናዬም ይድረስህ።

ቀጠሮ ክፍል ያለሽው እህት፣ ስምሽን እንኳ አልጠየቅኩሽም። የመጀመሪያው ባዶ ቀን በጣም ሩቅ ነበር። ስልኩን ልዘጋ ስል "ቆይ፣ ነጥቡ ተለውጧል ነው ያልሽኝ?" አልሽ። ተለውጧል አልኩሽ። ከመቼ ጀምሮ፣ ደምቷል ወይ ብለሽ ጠይቀሽ ጻፍሽ። ከዚያ የሚቀር ሰው ሲኖር ደወልሽልኝ። ቀጠሮ ስትይዙ "ለቆዳ ነው" ብላችሁ ብቻ አትተዉት። "እየተለወጠ ነው" በሉ። ወረፋው ውስጥ የት እንደምትቀመጡ የምትወስነው ይቺ ቃል ልትሆን ትችላለች።

እስከዚያ ያለውን ጊዜ እንዴት እንዳለፍኩት የሚያውቀው ወንድሜ ነው። ቀኑ ምንም አይልም፤ ሥራ አለ፣ ሰው አለ። ሌሊቱ ነው ጉዱ። ስልኬን ይዤ አልጋ ውስጥ ፎቶ ከፎቶ ሳስተያይ አነጋለሁ። የሚያሳየኝ ደግሞ ሁሌም የባሰውን ነው። ነጥቧንም በየምሽቱ ፎቶ አነሳታለሁ። መብራቱ ሲቀየር ቀለሟ የሚቀየር ይመስለኛል፤ አንድ ቀን ቀይ ሆነችብኝ። ወንድሜ መጥቶ ማስመሪያ ጎኗ አስቀምጦ፣ በቀን ብርሃን ጥርት ያለ ፎቶ አነሳ፤ ቀኑን ጻፈበት። "በቃ። ይሄን ለሐኪሟ ታሳያለሽ። ከዚህ በኋላ ፎቶ የለም" አለኝ። ስልኬን ማታ ማታ ሳሎን እንድተው አስማለኝ። ወንድም ጋሼ፣ እንቅልፌን የመለስክልኝ አንተ ነህ። ያቺን ፎቶም ሐኪሟ "በጣም ጠቀመችኝ" ብለዋል፤ ይድረስህ።

ባለቅባቷንም ልርሳት እንዴ? ቀባ ቀባ ሲያደርጉት አቃጥሎ የሚጥል ቅባት አለ ያልሽኝ ወዳጄ፣ ለመርዳት ብለሽ ነው። ስላልተጠቀምኩት ግን ደስ ብሎኛል። ሐኪሟን ጠየቅኳቸው። እንዲህ ያለ ነገር ላዩን ያቃጥላል፤ ስሩ ክፉ ከሆነ ከታች ሆኖ ሊቀጥል ይችላል። የተቃጠለ ቆዳ ደግሞ ላቦራቶሪ ቢላክም በደንብ አይነበብም። ሳይመረመር በሌዘር ማስጠፋትም ያው ነው።

ወደ ሐኪሟ ልምጣ። ዶክተር፣ ተረከዜን ብቻ አይተው የሚሸኙኝ መስሎኝ ነበር። እርስዎ ግን የራስ ቅሌን ቆዳ፣ ጀርባዬን፣ በጣቶቼ መሃል ያለውን፣ ጥፍሮቼን ሁሉ አዩ። አብዛኛው ሜላኖማ ከቆየ ነጥብ ሳይሆን ምንም ካልነበረበት ቆዳ እንደሚነሳ የነገሩኝ ያኔ ነው። ስለዚህ የቆየው ሲለወጥ ብቻ ሳይሆን አዲስ የመጣውም ይታያል ማለት ነው። ከዚያ ቆዳን አጉልቶ የሚያሳየውን መሣሪያ፣ ደርማቶስኮፑን፣ እግሬ ላይ አስጠግተው ብዙ ቆዩ። ያ ዝምታ እንዴት እንደረዘመብኝ! ቀና ብለው ያዩትን ማስረዳትዎ ግን ከዚህ ሁሉ ጣጣ የምወደው ትዝታ ነው። ውስጥ እግራችን ላይ እንደ ጣት አሻራ ያሉ መስመሮች አሉ፤ ከፍ ያሉ ጀርባዎችና በመሃላቸው ዝቅ ያሉ ቦዮች። ቀለሙ ቦዩን ተከትሎ ከሄደ ብዙውን ጊዜ ደህና ነው። ከፍ ያለውን ጀርባ ከተከተለ ያሰጋል። የእኔ በአብዛኛው ቦዩ ውስጥ ነበር፤ በአንዱ ዳር ግን ተደበላልቋል።

"ክፉ አይመስለኝም። ግን ተለውጧል፣ ስለዚህ በዓይን አይቼ ልሸኝሽ አልችልም። ሙሉውን አውጥተን እናስመርምረው" አሉኝ። ለምን ትንሽ ቆርሰው አይወስዱም ስልዎት፣ የተቆረሰው ደህናው በኩል ሊሆን ስለሚችል እንደሆነ ነገሩኝ። ሜላኖማ ከሆነ ደግሞ ዋናው መለኪያ ጥልቀቱ ነው፤ በሚሊሜትር ይለካል። ቀጭን ሳለ ከተገኘ ብዙ ጊዜ ቆርጦ ማውጣቱ ብቻ ይበቃል። ስለዚህ ነው ጥልቀቱ ሙሉ ሆኖ መታየት ያለበት። ከዚያ በፊት "ምንም አይደለም" ያሉኝ ሁሉ ተደምረው ያላረጋጉኝን ያህል፣ ይህ ማብራሪያ አረጋጋኝ።

እጄን የያዝሽው ነርስ፣ አልዋሸሽኝም። "ውስጥ እግር ላይ ማደንዘዣ ሲወጋ ያማል፤ ለአጭር ጊዜ ነው፣ ጩሂ ከፈለግሽ" አልሽኝ። ጮህኩ። ከዚያ በኋላ መነካካቱ እንጂ ሕመሙ አልተሰማኝም። የወጣችውን ነጥብ እንዳትበላሽ ፎርማሊን የሚባል ፈሳሽ ያለበት ዕቃ ውስጥ ስታስገቢያት አሳየሽኝ። ስሜ በትክክል መጻፉን አብረሽኝ አነበብሽ። ይህች ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ውጤት እየጠበቀ ሌሊት ለሚነቃ ሰው "የሌላ ሰው ይሆን የሚመጣልኝ?" የምትለዋን አንዷን ጭንቀት ታስቀራለች።

ውስጥ እግር ቶሎ አይድንም። ፊት ላይ ያለ ስፌት በሳምንት ውስጥ ሊወጣ ይችላል፤ ይሄኛው ግን ክብደት ስለሚያርፍበት ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል። በዚያ ጊዜ ደረጃ ያወጣችሁኝ፣ ልጆቼን ትምህርት ቤት ያደረሳችሁልኝ፣ ፈረቃ የቀየራችሁልኝ፣ እያንዳንዳችሁን አስታውሳለሁ። በየምሽቱ እየደወልሽ ስለ እግሬ አንዲት ቃል ሳታነሺ የመሥሪያ ቤትሽን ሐሜት ስታወሪልኝ የነበርሽው ደግሞ ራስሽን ታውቂያለሽ። ሐሜቱ ኃጢአት ከሆነ ግማሹን እኔ ልሸከም።

ውጤቱን ሐኪሟ ራሳቸው ደውለው ነገሩኝ። ዲስፕላስቲክ ኒቨስ ይባላል። ሴሎቹ ከተለመደው ትንሽ ወጣ ያሉ ናቸው፤ ካንሰር ግን አይደሉም። የተቆረጠው ዳር ንጹሕ ነው፣ የቀረ ነገር የለም። ክትትሉ ይቀጥላል። ወረቀቱ ላይ የአንድ ፓቶሎጂስት ፊርማ አለ። እኒህ ሰው እኔን አይተውኝ አያውቁም። ስስ ስስ ተደርጋ የተቆረጠችውን፣ ቀለም የተነከረችውን ቆዳዬን በማይክሮስኮፕ አይተው ፈረሙ። ይህ ደብዳቤ ይደርስዎት እንደሆነ አላውቅም። ቢደርስዎ፣ ያቺ መስመር በዚህ ቤት ስንት ጊዜ ተደጋግማ እንደተነበበች ይወቁልኝ። እናቴ ትርጉሟ ባይገባትም በቃሏ ይዛታለች።

እነሆ፣ ስልኬን ማንሳት ጀምሬያለሁ፤ ደውሉ። ክራንች ያዋስከኝ ጎረቤቴ፣ ስፌቱ ስለወጣ ቅዳሜ አመጣልሃለሁ። የአንደኛው ጎማ ተበልቷል፤ አዲስ ገዝቼ እገጥምልሃለሁ።