በሆዷ ላስተኛሻት ሲስተር፣ ለሌሎቻችሁም

ልጄ ባለፈው ሳምንት አንድ ዓመቷን ደፈነች። ዳቦ ተቆረሰ፣ ቡና ተፈላ። ምስጋናዬን ግን ለማንም ሳልናገር መሸ። እዚሁ ልጻፈው።

ሲስተር፣ ልጄን ያዋለድሽኝ አንቺ ነሽ። ስትወለድ ክፍሉ ጭር አለ። ወገቧ ላይ የሎሚ ያህል እብጠት ነበራት፤ ቆዳው ስስ፣ ውሃ የሚያዥ። በእርግዝናዬ ሁለቴ አልትራሳውንድ ታይቼ «ሰላም ነው» ተብዬ ነበር። እሱን ልተወው። አንቺ አልጮኽሽም፣ ከንፈርም አልመጠጥሽም። በሆዷ አስተኛሻት። ንጹሕ ጎዝ በሳላይን፣ በሕክምና የጨው ውሃ፣ አርሰሽ ሸፈንሽላት። «በጀርባዋ እንዳታስተኟት፣ ዛሬውኑ አዲስ አበባ ሂዱ» አልሽን። ችግሩ ስፓይና ቢፊዳ እንደሚባል፣ እብጠቱ ውስጥ ያለው የህብለ ሰረሰሯ ነርቭ እንደሆነ፣ ቢቆሽሽ ማጅራት ገትር ሊይዛት እንደሚችል የገባኝ በኋላ ነው።

ዘውዲቱ ሆስፒታል የነርቭ ቀዶ ሕክምና ክፍል ያላችሁ ሁሉ፣ በተወለደች በ3ኛ ቀኗ ጀርባዋን ዘጋችሁላት። ቆይቶ ጭንቅላቷ ውስጥ ውሃ ሲቋጠር ደግሞ ሻንት አስገባችሁላት፤ በቆዳዋ ሥር እስከ ሆዷ የሚወርድ ቀጭን ቱቦ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አሁን ስለ ጤፉ። በ5ኛው ወር እርጉዝ ሆኜ 25 ኪሎ ጤፍ ተሸክሜ ወፍጮ ቤት ሄጄ ነበር። ሰፈር ውስጥ አንዱ «እርግማን ነው» አለ፣ ሌላው «ያ ሸክም ነው»። እኔ ሸክሙን አመንኩ። ሌሊት ሌሊት ያንን ጆንያ እያሰብኩ አለቅስ ነበር። ዶክተር፣ ይህን ስነግርዎት ወንበር ስበው ተቀመጡ። ወረቀት አውጥተው ሣሉልኝ። የፅንሱ የነርቭ ዘንግ መጀመሪያ እንደ ቅጠል ጠፍጣፋ ነው፤ ከዚያ ጠርዞቹ ተጠቅልለው ቱቦ ሆነው ይገጥማሉ። ይህ የሚያልቀው በተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ነው። «ጤፉን መቼ ተሸከምሽ?» አሉኝ። ነገርኩዎት። «እንግዲያ ጀርባዋ ሳይገጥም የቀረው ከዚያ ብዙ ቀድሞ ነው። ማርገዝሽንም ገና አላወቅሽም ነበር።» ወረቀቷ ዛሬም መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አለች።

ስለ ፎሊክ አሲድም ያኔ ነገሩኝ። እኔ ክኒኑን የጀመርኩት ሆዴ ከገፋ በኋላ ነው፤ ለዚህ ችግር ግን ከመፀነስ በፊት መጀመር አለበት፣ በቀን 400 ማይክሮግራም። እንደ እኔ አንዴ የደረሰባት፣ በሐኪም ትእዛዝ 4 ሚሊግራም። ሁሉንም ባይከላከል ብዙውን ይከላከላል። ለእህቶቼ ነግሬያለሁ፤ እናንተም ለእህቶቻችሁ ንገሩልኝ።

አጠገቤ የተኛሽው የጅማዋ እናት፣ የልጄን ሽንት በቱቦ ማውጣት ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። እጄ ሲንቀጠቀጥ ሳቅሽብኝ። በጎ ሳቅ ነበር። አሁን በየ4 ሰዓቱ ዓይኔን ጨፍኜ አደርገዋለሁ። ኩላሊቷ ደህና ነው ብለውኛል። ቀኝ እግሯ ይንቀሳቀሳል፣ ግራው ሰነፍ ነው። ትራመድ አትራመድ ገና አይታወቅም። በክንዷ እየተሳበች ግን ረከቦት ትገለብጣለች።

እናቴ፣ ባለቤቴ፣ የእድራችን ሰዎች፣ እናንተንስ በቃል አልችላችሁም።

ቀረ የሚኒባሱ ሹፌር። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር፣ ልጄ ጭኔ ላይ በሆዷ ተኝታ። ተሳፋሪዎቹ የኋላውን ወንበር ለቀቁልኝ። አንተ ጉድጓድ ባየህ ቁጥር «እናት፣ ያዣት!» ትለኝ ነበር። ሒሳቡንም «ዳይፐር ግዢበት» ብለህ መለስክልኝ። ታርጋህን አልያዝኩም። ነጭ ሚኒባስ ብዬ መናኸሪያ ውስጥ ማንን ልጠይቅ? ዳይፐሩ ተገዝቶ አልቋል።