ከአስቀሎን ወደ ደባርቅ

ሙሉዬ፣ እንዴት ከረምሽ? እማማስ ደህና ናቸው? ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ከረምኩ። ጋሼ ሲያርፉ እንኳ አልደወልኩም። ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ፤ ዛሬ ነገ ስል ጊዜው ነጎደ። ይቅር በይኝ።

ብዕር ያስነሳችኝ አንዲት ጥቁር ቅንጣት ናት።

ጂኦሎጂ መማር ጀምሬያለሁ። ባለፈው ሳምንት ከአስቀሎን ባሕር ዳርቻ አሸዋ ዘግነን ላብራቶሪ ገባን። ከውኃ ሦስት እጥፍ ገደማ የሚከብድ ፈሳሽ ውስጥ ጨመርነው። ኳርትዝ የሚባለው ነጩ ማዕድን ተንሳፈፈ፤ ከባዱ ማዕድን ዘቀጠ። የዘቀጠው ቁንጥጫ አይሞላም። በማይክሮስኮፕ ሳየው አጠር ያለች፣ ጠርዟ የተሸራረፈ፣ ወደ አረንጓዴ የምታደላ ቅንጣት አገኘሁ። ኦጋይት ይሏታል።

ኦጋይት ከባዛልት የሚወጣ ማዕድን ነው። ፍየል ስንጠብቅ የምንደገፈው ያ ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ የፈሰሰ። የክረምት ጎርፍ እየገዘገዘ ተከዜ ውስጥ ይከተዋል። ተከዜ ሱዳን ገብቶ አትባራን፣ አትባራም ዓባይን ይቀላቀላል። ዓባይ ግብፅ ባሕር ላይ ያራግፈዋል። ከዚያ የሜዲትራንያን ሞገድ በሲና ዳርቻ እየገፋ እዚህ ያደርሰዋል፤ አልፎም በሰሜን እስራኤል እስካለችው አኮ ከተማ ይወስደዋል።

«ገሊላም ባዛልት አለ፤ ከዚያ መጥቶ ቢሆንስ?» ብዬ መምህሬን ጠየቅኳት። «አሸዋው በዚህ ዳርቻ የሚጓዘው ከደቡብ ወደ ሰሜን ነው፤ ገሊላ ደግሞ በስተሰሜናችን ነው» አለችኝ። እንባዬ መጣ፣ ሙሉዬ።

ሁሉም የእኛ ነው ማለቴ አይደለም። ባዛልት ኳርትዝ የለውም፤ ስለዚህ ነጩ አሸዋ ከሌላ፣ እጅግ ካረጀ ድንጋይ የመጣ ነው። ዕድሜ የሚያወጣው ዚርኮን የሚባል ጠንካራ ቅንጣት ነው። ውስጡ ያለው ዩራኒየም ቀስ እያለ እርሳስ ይሆናል፤ የሁለቱን መጠን አይተው ዓመቱን ያሰላሉ። 600 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸው አሉበት!

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲሉን አልነበር? አሸዋውን ግን እዚህ አሳድሮታል። አሁን ከአገራችን አዲስ አይመጣም። የአስዋን ታላቁ ግድብ በ1970 እ.ኤ.አ. ካለቀ ወዲህ ደለሉ ከግድቡ ኋላ በተኛው ናስር ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። እግሬ ሥር ያለው ከዚያ በፊት ከአገር የወጣው ነው። ይሄ ነገር ከልቤ አልወጣ አለኝ።

እባክሽ፣ ከሊማሊሞ ሥር ከወንዙ ዳር አንድ እፍኝ አሸዋ በላስቲክ ቋጥረሽ ወደዚህ ለሚመጣ ሰው ስጪልኝ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ማየት እፈልጋለሁ።

ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት ሲወጣ እደውላለሁ። ስለ ጋሼ ትነግሪኛለሽ።