ከዩ ስትሪት፣ ለእህቴ

ውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከዚህ ሁሉ ዓመት ዝምታ በኋላ ብዕር ያነሣሁት ያለ አንቺ ማንም በቅጡ የማይረዳውን ወሬ ይዤ ነው፤ ከሜሪላንድ ወጥቼ፣ ያኔ አብረን እንሠራበት ወደነበረው የዋሽንግተን ዲሲ ሰፈር፣ ወደ ዩ ስትሪት ተመልሻለሁ፤ የምኖረውም አዲስ አፓርታማ ተከራይቼ ነው።

ቤቱ ባለ አንድ መኝታ ሲሆን የልብስ ማጠቢያውና ማድረቂያው እዚያው ውስጥ ስላለ ሳንቲም ቋጥሮ ምድር ቤት መውረድ ቀርቷል። ከመስኮቴ የሃዋርድ ቴአትር ይታየኛል። በ1910 ተከፍቶ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)፣ አንቺ ስታውቂው ተዘግቶ የነበረው ያ ሕንፃ በ2012 ታድሶ ሥራ ጀምሯል።

ወደዚህ ከተማ የመመለስ ሐሳብ ካለሽ ስለ ውሉ የምነግርሽን ልብ በይ። ሲያከራዩኝ የመጀመሪያው ወር በነጻ ነው አሉኝ፤ ውሉ በዓመቱ ሲታደስ ግን ጭማሪው የሚታሰበው ወረቀቱ ላይ ከሰፈረው ሙሉ ወርኃዊ ዋጋ ተነሥቶ እንጂ ነጻው ወር ተቀንሶ በአማካይ ከከፈልኩት አይደለም። መያዣው በከተማው ሕግ ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ ስለማይችል በዚያ በኩል አልተጎዳሁም። ዋናው ነገር የኪራይ ቁጥጥሩ ነው። ሕጉ በአብዛኛው የሚመለከተው ከ1976 በፊት የተሠሩትን ሕንፃዎች ሲሆን፣ በእነሱ ውስጥ ዓመታዊው ጭማሪ በዋጋ ንረቱ ላይ 2 በመቶ ታክሎ ይወሰናል፤ ከ10 በመቶም አያልፍም። እንደ እኔ ያለው አዲስ ሕንፃ ግን ይህ ገደብ የለበትም። ስለዚህ አሳንሰር ያልነበራት፣ በብርድ ወራት ማሞቂያዋ እየጮኸ እንቅልፍ ትነሣን የነበረችው አሮጌ ቤታችን ለተከራይ ከዚህኛው የተሻለ ዋስትና ነበራት።

እኛ እንጀራ ስናመላልስ የሰፈሩን ታሪክ ጠይቀን አናውቅም ነበር። የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ያደገው እዚህ ነው፤ ጥቁሮች ከሌላው የከተማው ክፍል በተገለሉበት ዘመን የራሳቸውን ቴአትርና ንግድ ያቆሙበት መንደር ስለነበረ በኒው ዮርኩ የቴአትር ጎዳና ስም «የጥቁሮች ብሮድዌይ» ይባል ነበር። በ1968 ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደሉ ቁጣው ከ14ኛው ጎዳናና ከዩ ስትሪት መገናኛ ተነሥቶ ብዙ ሱቅ ተቃጠለ፤ ከዚያ በኋላ ሰፈሩ በ1991 የምድር ባቡር ጣቢያ እስኪከፈትለት ድረስ ለረጅም ዘመን ተጎሳቁሎ ቆየ። የእኛ ሰዎችም አዳምስ ሞርጋን በሚባለው የከተማው ሰፈር ኪራይ ሲወደድባቸው ወደዚህ ወደ 9ኛው ጎዳና የመጡት እዚህ ረከስ ይል ስለነበረ ነው። አሁን ደግሞ እዚህም ተወዶባቸው ብዙዎቹ ከከተማው ውጪ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ሄደዋል።

እኔን የሚከነክነኝ፣ ጥቁር ነዋሪዎቹ ኪራዩን መክፈል አቅቷቸው እየለቀቁ አዲሶቹ ሕንፃዎች በጥቁር ታላላቆች ስም መጠራታቸው ነው፤ አንዱ ኤሊንግተን፣ ሌላው በገጣሚው በላንግስተን ሂዩዝ ስም ላንግስተን ይባላል። በ2019 ደግሞ በፍሎሪዳ ጎዳና አጠገብ ከአንድ የስልክ መደብር ለዓመታት ይሰማ የነበረው ጎ-ጎ የሚባለው የዚህ ከተማ ጥቁሮች የጭፈራ ሙዚቃ፣ ከአዲስ ሕንፃ ነዋሪ ቅሬታ ቀረበበት ተብሎ ጸጥ እንዲል ተደረገ። ሕዝቡ መንገድ ላይ ወጥቶ እየጨፈረ ተቃወመ፤ ሙዚቃው ተመለሰ፤ በ2020ም ጎ-ጎ በሕግ የከተማዋ ሙዚቃ ተባለ። እኔም የአዲስ ሕንፃ ነዋሪ ነኝና ቅዳሜ ማታ ጩኸቱ ሲበዛብኝ መስኮቴን ዘግቼ እተኛለሁ እንጂ ለማንም ስልክ አልደውልም።

ጭማሪው ከደመወዜ ካለፈ ወደ ሜሪላንድ መመለሴ አይቀርም። ስለዚህ መምጣትሽ ካልቀረ ውሌ ሳያልቅ ድረሽ፤ መኝታ ቤቱን ለአንቺ ለቅቄ እኔ ሳሎን እተኛለሁ። ስትመጪ ሽሮና በርበሬ አትርሺ። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ናፋቂ እህትሽ